ያልዛገው ቧንቧ

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ፤ ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር አንዳርጌ ከአልጋው ለመነሳት ሲታገሉ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ረድኤት ትከሻቸውን ይዛ ትከለክላቸዋለች።)

አንዳርጌ፦ ልቀቂኝ አልኩሽ! ጫማዬን አምጪ።

ረድኤት፦ ጫማዎን ደብቄዋለሁ። ይተኙ።

አንዳርጌ፦ ጨጓራ ነው። ስንት ዘመን አብሮኝ የኖረ ጨጓራ! ሽሮ በላሁ፣ ተቆጣ፣ አለቀ።

ረድኤት፦ ጨጓራ ግራ ክንድ አያደነዝዝም። ጨጓራ ሰውን በላብ አያጠምቅም።

አንዳርጌ፦ ሙቀቱ ነው። መስኮቱን ክፈቺው።

ረድኤት፦ ክፍት ነው። ቲቸር፣ የልብ ምርመራው ላይ በግልጽ ይታያል። የልብዎ ጡንቻ ደም አጥቶ እየሞተ ነው፤ አሁን፣ እየተጨቃጨቅን። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ልስጥዎት። እሺ ይበሉኝ።

አንዳርጌ፦ አልልም። ትናንት የማርያምን ዳገት ሳላርፍ ወጥቻለሁ። ደረቴን ጠቅ እንኳ አላደረገኝም። የልቡ ቧንቧ የጠበበ ሰው ዳገት ይወጣል? አስረኛ ክፍል ምን ብዬ ነው ያስተማርኩሽ?

ረድኤት፦ ቅባቱ እንደ ዝገት ዓመት ከዓመት ይጠራቀማል፣ ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ይደፈናል።

አንዳርጌ፦ ጎበዝ! የእኔ ካልጠበበ ታዲያ በምን ተደፈነ?

ረድኤት፦ ያስተማሩን ግማሹን ነው።

አንዳርጌ፦ ምን አልሽ አንቺ?

ረድኤት፦ ግማሹን። ያኔ መጽሐፉም ከዚያ በላይ አይልም ነበር። አሁን የታወቀው ሌላ ነው። ቅባቱ ብዙ ጊዜ ቧንቧውን ብዙም ሳያጠብ ግድግዳው ውስጥ ይቀበራል። እዚያ እንደ ብጉር ይቆጣል፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት እላዩ ላይ ይረጋል፤ መንገዱን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል። ትናንት ዳገት የወጣው ሰውዬ ዛሬ እዚህ ይተኛል።

አንዳርጌ፦ ብጉር! ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተጎልተሽ ያመጣሽልኝ ብጉር ነው?

ረድኤት፦ ሰባት ዓመት። እርስዎ ይቀልዳሉ፣ ፊትዎ አመድ እየመሰለ ነው።

አንዳርጌ፦ አስፕሪኑን አኝኬልሻለሁ አይደል? እሱ ይበቃል።

ረድኤት፦ አስፕሪን ሌላ እንዳይረጋ ያግዛል እንጂ የረጋውን አያሟሟም።

አንዳርጌ፦ አዲስ አበባ ላኪኛ! የተደፈነ ቧንቧ በሽቦ የሚከፍቱ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ረድኤት፦ አሉ። ከመርፌው በኋላ እልክዎታለሁ። ሳይወጉ ከሄዱ ግን የሚከፍቱት ልብ ይዘው አይደርሱም።

አንዳርጌ፦ ይህ መርፌ… ደም ያቀጥናል፣ አይደል?

ረድኤት፦ የረጋ ደም ያሟሟል አልኩዎት።

አንዳርጌ፦ አታድበስብሺብኝ። ጭንቅላት ውስጥ ደም ያፈሳል ወይስ አያፈስም?

ረድኤት፦ ከመቶ ሰው በአንዱ ሊሆን ይችላል።

አንዳርጌ፦ አየሽ!

ረድኤት፦ ምኑን ነው የማየው? ዘጠና ዘጠኙን የት ጣሏቸው?

አንዳርጌ፦ አስናቀችን ታስታውሻታለሽ?

ረድኤት፦ ባለቤትዎን? እንዴት አላስታውስም።

አንዳርጌ፦ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ አይደል የተኛችው። «ውሃ» ማለት እንኳ አቃታት። ዓይኗን ታፈጥብኛለች፤ በርዷት ነው ብዬ ብርድ ልብስ እደርባለሁ። ለካ ሞቋት ኖሯል። ስንት ጊዜ! እኔ ሞት አልፈራም፣ ረድኤት። እንደዚያ መተኛት ነው የምፈራው። ደግሞ እኔን ማን አለኝ የሚያገላብጠኝ?

ረድኤት፦ እና ይህንን ይዘው ነው እስካሁን ጨጓራ ጨጓራ የሚሉኝ?

አንዳርጌ፦ ጨጓራ ማለት ይቀላላ።

ረድኤት፦ እንግዲያው ይስሙኝ። መርፌውን እምቢ ብለው ቢተርፉስ? የልብዎ ግማሽ ሞቶ ቢተርፉ፣ ከአልጋ እስከ በር መሄድ ያቅትዎታል። ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ እግርዎ ያብጣል። ያኔስ ማን ያገላብጥዎታል? የሚፈሩት አልጋ በሁለቱም በኩል አለ። በእምቢታው በኩል ግን ይቀርባል።

አንዳርጌ፦ ጭንቅላትዎ ውስጥ ደም አይፈስም ብለሽ ቃል ግቢልኝ።

ረድኤት፦ አልገባም።

አንዳርጌ፦ ለሚሞት ሰው አንዲት ውሸት ይህን ያህል ከበደችሽ?

ረድኤት፦ ለሚሞት ሰው አትከብደኝም። እርስዎን ላድን ነው የቆምኩት።

አንዳርጌ፦ እህህ…

ረድኤት፦ ባሰብዎት? የት ጋ ነው?

አንዳርጌ፦ መንጋጋዬን… ቆይ፣ አትንኪኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ የተኛው አባትሽ ቢሆን ኖሮ ትወጊው ነበር?

ረድኤት፦ አባቴን ሳልጠይቀው ነበር የምወጋው።

አንዳርጌ፦ ታዲያ እኔ ምን በድዬሽ ነው እስካሁን የምትጠይቂኝ?