ችካሉ የተተከለበት ጓሮ

(በአዲሱ መናገሻ ከተማ፣ ለአደባባይና ለሐውልት በተከለለ መሬት ላይ፣ ማለዳ። ዳምጤ በፈረሰው ጎጆው ደጃፍ አህያ ይጭናል፤ ሚስቱ በለጥሻቸው በነጠላ የተቋጠረ ነገር አዝላ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች።)

በለጥሻቸው፦ አልነሳም አልኩህ እኮ! ሂድና መሐንዲሱን ንገረው። ችካሉን ነቅሎ ወዲያ ይትከለው።

ዳምጤ፦ አንቺ ሴት፣ ፀሐይ ሳትከር እንውጣ። የሰጡን ምትክ ቦታ ሩቅ ነው። ቆፋሪዎቹም ለሐውልቱ መሠረት ሊያወጡ ዛሬ ይገባሉ። በይ ያዘልሽውን ወዲህ በይው፣ አህያው ላይ ልጫነው።

በለጥሻቸው፦ የኔን ተወው፤ አይከብደኝም።

ዳምጤ፦ ምንድን ነው እሱ?

በለጥሻቸው፦ የሴት ዕቃ ነው። አንተ የጠየቅኩህን መልስልኝ። ሐውልቱ ልጃችን እማዋይሽ ላይ ሊቆም ነው ወይስ አይደለም?

ዳምጤ፦ ቀስ በይ! ሰው ይሰማል።

በለጥሻቸው፦ ይስማ! ያን ዕለት ሰፈሩን ሰብስቦ መሐንዲሱ በአስተርጓሚ ምን አለ? «እዚህ መሬት ውስጥ ሙት ያላችሁ ተናገሩ፣ ሐውልቱን ፈቀቅ እናደርገዋለን» አላለም?

ዳምጤ፦ ብሏል።

በለጥሻቸው፦ እኔ ከሴቶቹ መሃል ቆሜ አንተን አንተን ሳይ ነበር። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ። አንተ ግን አቀርቅረህ ቀረህ።

ዳምጤ፦ መምሬ እኮ አጠገቤ ቆመው ነው! ምን ልበል? ሳትጠመቅ የሞተች ልጅ ጓሮዬ ቀብሬአለሁ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?

በለጥሻቸው፦ አፈርክባት።

ዳምጤ፦ አዎ፣ አፈርኩ። ምን ታደርጊኝ?

በለጥሻቸው፦ ወንድ ብትሆን ኖሮ በአርባ ቀኗ ተጠምቃ፣ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ታርፍ ነበር። ሴት ናትና ሰማንያ ጠብቁ ተባልን፣ ጠበቅን። ሳምንት ሲቀራት ሞተች። ለክርስትናዋ የተጠመቀውን ጠላ ለጎረቤት አደልነው፤ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንላትም። የሷ ጥፋት ምኑ ላይ ነው ዳምጤ?

ዳምጤ፦ አጠፋች ማን አለ? እኔን አላመመኝም ብለሽ ነው? እግዜር ያውቃታል፣ በቃ። ደግሞ ሐውልት ቢቆምባት ምን ትሆናለች? አገር ሁሉ እጅ የሚነሳበት ቦታ ነው። ለኛ ቢጤ ድሀ ማን እንዲህ ያለ ድንጋይ ያቆምለታል?

በለጥሻቸው፦ ድንጋዩ የሷ አይደለም። አፈሩን ዝቀው ደግሞ ታች ያለውን ረግረግ ሊደለድሉበት ነው፤ ቆፋሪዎቹ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከአፈሩ ጋር በቅርጫት ተዝቃ መንገድ ልትሆን ነው። ሠረገላ ሊሄድባት ነው።

ዳምጤ፦ ረግረጉን?

በለጥሻቸው፦ አታውቅም ነበር?

ዳምጤ፦ ከየት አውቄ! እሷ እንደተኛች ድንጋዩ ከላይ የሚያርፍ ነው የመሰለኝ። ረግረግ ውስጥ? ዶማው የት አለ? በለጥሽ፣ ዶማውን የት ነው የጫንኩት?

በለጥሻቸው፦ ሰዓቱ አልፏል። ቆፋሪዎቹ ያውና ከአጥሩ ማዶ ደርሰዋል። ሰው ያይሃል።

ዳምጤ፦ ይየኝ! መምሬም ይምጡ፣ መሐንዲሱም ይምጣ፣ ከተማው ሁሉ ይምጣ! ልጄን ሳላወጣ ከዚህ አንድ ጭብጥ አፈር የሚነካ የለም! ከጌሾው ሥር ነው አይደል? እዚህ ጋ... ቆይ። ይሄ አፈር ተቆፍሮ ነበር። (በዶማው ይቆፍራል።) በለጥሽ! ባዶ ነው! ቀድመው ወሰዷት! እማዋይሽ! ወይኔ ልጄን! ልጄን!

በለጥሻቸው፦ አልቅስ። ስሟን ስትጠራ ከሞተች ወዲህ ገና ዛሬ ሰማሁህ።

ዳምጤ፦ የት ጣሏት? ረግረጉ ጋ ነው? ልሂድ፣ በእጄ እየዛቅኩ ልፈልጋት!

በለጥሻቸው፦ ማንም አልወሰዳትም። አንተ ዝም ባልክ ማግስት እኔው በእጄ አወጣኋት። ችካሉን አስነቅል እያልኩ ስጨቀጭቅህ የሰነበትኩት፣ አባት እንዳላት ልይ ብዬ ነው።

ዳምጤ፦ ታዲያ የት ናት? የት አደረግሻት?

በለጥሻቸው፦ ና ጎንበስ በልልኝ። ደክሞኛል፤ ከዚህ በኋላ አንተ እዘላት።