ለፋፊው የተከለው ወሬ

በሰፈሩ «ጎርናናው» የሚባለው ለፋፊ ድምፅ ማጉያውን በትከሻው አንግቦ ከመንገድ ወደ መንገድ ሲጣደፍ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራውን የእህቱን ልጅ መታጠፊያው ላይ አገኛት። ገና ሦስት መንደር ይቀረው ስለነበር እግሩ አላርፍ ብሎታል።

«ጋሼ፣ የወተት ሻጯ ወተት ተበክሏል እያሉ የሚለፍፉት እርስዎ ነዎት? ሦስት ልጆች እኮ በዚያች ሱቅ ነው የምታሳድገው!»

«የተጻፈልኝን ነው የማነበው።»

«ማን ጻፈልዎ?»

«የዱቄት ወተት አከፋፋዩ።»

«ታዲያ ስሙን ጠርተዋል?»

«ስም መጥራት ልማዳችን አይደለም። አባቴም ‹ተብሏል› እያለ ነው የኖረው።»

«ይሄ እኮ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ጋሼ!»

ጎርናናው ቱግ አለ። «ፕሮፓጋንዳ የሚነዛው የጠላት ሬዲዮ ነው! እኔ ተራ ለፋፊ ነኝ።»

«ቃሉ ሲወለድ ሬዲዮ የት ነበረና?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሥሩ ላቲን ነው፤ ቅርንጫፍ እየተከሉ ማባዛት ማለት ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እምነት ለማስፋፋት ላቋቋመችው ጉባኤ ስም አደረገችው። ኋላ መንግሥታት በጦርነት ጊዜ ሲገለገሉበት ነው ስሙ የጠፋው። ተካዩ ዘወር ይላል፣ ተክሉ ግን በራሱ ያድጋል።»

ጎርናናው የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ ይወዳል ብሎ በሆዱ ተሳለቀ። ወዲያው አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጣች።

«አባባ፣ እውነትዎን ነው! ሁለት ሕፃናት ሲያስመልሳቸው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጎረምሶቹ ሱቋን ሊሰባብሩ እየሄዱ ነው!» ብላ አለፈች።

«ሰማሽ? ምስክር!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ዓይኑ በእጁ የያዘው ወረቀት ላይ አረፈ። ወረቀቱ ላይ ሕፃናት የሚል የለም። ጠዋት ሰው አልሰማ ሲለው፣ ለማጣፈጫ ብሎ ከራሱ የጨመራቸው ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ ሕፃናቱን እኮ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ይሩጡ፣ ጋሼ!»

ሮጠ። ድንጋይ በጨበጡት ጎረምሶችና በሱቋ በር መካከል ቆሞ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ጠርቶ ለፈፈ። ወሬውን የላከውን የአከፋፋዩንም፣ ሕፃናቱን የፈጠረውን የራሱንም። ከዚያ ወተት ሻጯን አስቀድቶ አንድ ኩባያ ጠጣ። ከጥድፊያው የተነሣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ጎረምሶቹም እያጉረመረሙ ተበተኑ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጎርናናው የላኪውን ስም ሳያስቀድም አይለፍፍም። ሰሚው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ስሙን የሚደብቅ ሐሜተኛም ደጁን መርገጥ ትቷል። ያችን እናት ባገኛት ቁጥር ግን፣ «ሕፃናቱ አልነበሩም፣ እመኚኝ» እያለ ይለምናታል።

«እርስዎ አላዩ ይሆናል፣» ትለዋለች፣ «እኔ ግን አይቻለሁ።»