በአባት በኩል

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ነርስና አንዲት እናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ሁለቱ አክስቶቼ በጡት ካንሰር ነው የሞቱት» አሉ እናትየው።

«እርስዎስ ተመርምረዋል?»

«እኔ ምን አለብኝ? እነሱ የአባቴ እህቶች ናቸው። የጡት ነገር በእናት ነው የሚመጣ።»

«በአባትም ይመጣል፣ እማማ። ዕጢ እንዳያድግ የሚጠብቅ ጂን የሚባል፣ ከወላጅ የሚወረስ የዘር ቅንጣት አለ። አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን። ከአባትዎ የወረሱት የተበላሸ ከሆነ፣ የቀረዎት ጠባቂ አንድ ብቻ ነው።»

«አባቴ እኮ ጤነኛ ነበሩ።»

«ሳይታመሙም ያወርሳሉ።»

«ልጄን ስድር እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሬያለሁ። ማን በምን ሞተ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።»

«እንግዲያው ልጅዎን ይዘው እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ይምጡ፤ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ።»

ቢቸና እስክንገባ የሞቱትን የአባቴን እህቶች በጣቴ ቆጠርሁ፤ የሞተችበትን ምክንያት የማውቀው የአንዷን ብቻ ነው።