የግራ ጉንጬ ጠቃጠቆ

ከጀሞ ሜክሲኮ ሚኒባስ ለዓመታት ስነዳ ኖሬ ግራ ጉንጬ ላይ ብቻ ቡናማ ጠቃጠቆ ወጣብኝ። ጎረቤታችን "ይሄማ የጉበት ነው" ስትል ባለቤቴ ፊቷ ተለዋወጠ፤ አባቴን የወሰደው ጉበት ነበርና። እኔም እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩና ጎፋ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ "ጉበትዎ ደህና ነው። ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ሹፌር ነኝ።"

"ሲነዱ መስኮትዎ በየት በኩል ነው?"

ሳላውቀው እጄ ግራ ጉንጬን ነካ።

"አዎ፣ ፀሐይ ነው። ቆዳ ፀሐይ ሲበዛበት ቀለም ያበዛል። ኮፍያ ያድርጉ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ይቀቡ" አለችኝ።

ደጅ ወጥቼ ለባለቤቴ ደወልኩ። "ጉበት አይደለም፣ ፀሐይ ነው አሉኝ" ስላት ስታለቅስ ተሰማኝ። ቆይታ "በል፣ ምሳ ሳይቀዘቅዝ ና" አለችኝ።