መሃላችን ያለው አበባ

ከባልባላ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ሁለት እህትማማቾች ጎን ለጎን ቦታ አጥተው በግራና በቀኜ ተቀመጡ። ታናሽየዋ ከፌስታል ውስጥ ፍሬም ያለው ፎቶ አውጥታ በጉልበቴ ላይ አሳልፋ ለታላቋ ሰጠቻት።

«እኔና አንቺ ነን! መቼ ነው አብረን የተነሳነው?»

«አልተነሳንም እትዬ። ያንቺ ከጦርነቱ በፊት ከአሰብ የላክሽልኝ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ዓመታት ሲያልፉ፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ያለው ፎቶ አንሺ ከኔ ፎቶ ጋር ቀጠለልኝ።»

«ታዲያ እኔ ታላቅሽ ሙሽራ መስዬ፣ አንቺ አሮጊት?»

«ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ‹ልጅሽ ናት?› ይለኛል። ሲሰለቸኝ አዎ እላለሁ።»

«አይ አንቺ! መሃላችን ያለው አበባስ?»

«የተቀጠልንበትን ለመሸፈን ያስቀመጠው ነው።»

«ዛሬስ ፎቶ ቤት ስንገባ ምን ሊያስቀምጥብን ነው?»

«ዛሬማ ራስሽ መጥተሽልኝ! እቅፍ አድርጌሽ ነው የምነሳው።»

«ሽበቴን ግን ያጥፋልኝ። አሁን በኮምፒውተር ያጠፉታል አሉ።»

«ሞቼ ነው ቆሜ! ስትሸብቺ ለማየት አይደል እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት?»

ቦርሳዬን አንስቼ ከመሃላቸው ተነሳሁ።