«እኔን» ያለው አዳራሽ

ባለቤቴን ታረቀን በደርግ ጊዜ ከእስር ያዳነችው አንዲት ቃል ናት። እሑድ እሑድ ማኅሌት ስለሚቆም ከቀበሌ ስብሰባ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ነበር። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት አቁሞ «ዛሬ ቤትህ አታድርም» አለው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ። ሊቀመንበሩ ጥበቃውን ሊጠራ ከመድረክ ሲወርድ ግን የወንበር እግር ጠለፈውና በጉልበቱ ተደፋ። አዳራሹ በሙሉ በአንድ አፍ «እኔን» አለ። ከሁሉ የጎላው የታረቀ ድምፅ ነበር፤ ማኅሌት የለመደ ድምፅ መደበቂያ የለውም።

ሊቀመንበሩ ጉልበቱን እያሻሸ «አንተ ሰውዬ፣ ላስርህ አይደለም እንዴ? ምነው ታዝንልኛለህ?» አለው።

«ሳላስበው አምልጦኝ ነው ጓድ» አለ ታረቀ። «ልጅ ሆኜ ሰው ሲደናቀፍ ዝም ካልሁ እናቴ ትቆነጥጠኝ ነበር።»

ይኼኔ ከፊት የተቀመጡት እማማ ውዴ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እኔን ማለት እኮ ያንተን እንቅፋት እኔን ይምታኝ ማለት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። እሱ እንቅፋትህን ከወሰደልህ፣ አንተስ ምነው እስሩን ብትተውለት?»

ሰው ሁሉ ሳቁን አፍኖ ይጠብቃል። ቀድሞ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነው።

«ሂድ» አለው፤ «ያን ወንበር ግን ከፊቴ ይዘህልኝ ውጣ።»

ታረቀን ከቀበርሁ ወዲህ፣ በቀደም ደጃፌ ላይ ተደናቅፌ ወደቅሁ። ጎረቤቶቼ ከየቤታቸው «እኔን» ሲሉኝ የእሱን ድምፅ ከመካከል ፈልጌ አጣሁት። ወዲያው ወንበር ተሸክሞ ከአዳራሹ ሲወጣ ታየኝና እየሳቅሁ ተነሣሁ።