ቻርጅ የማያደርገው ወንበር

ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ላሉት ቄስ ስትናገር ሰማሁ።

«ለእማዬ የአውሮፕላን ጉዞዋን በኢንተርኔት ቼክ ኢን ያደረግሁላት እኔ ነኝ፤ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ወንበር መርጬ!»

«ታዲያስ?»

«ቻርጅ ማድረጊያው አይሠራም! አውሮፕላን በምትቀይርበት አገር ስትወርድ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ለእኔም መደወል አልቻለችም። ቋንቋ አትችል፣ በምን ትጠይቅ? ሁለተኛው አውሮፕላን ጥሏት ሄደ።»

«እግዚኦ! ሰው አልነበረም?»

«ሞልቷል አባቴ! ቆማ ስታለቅስ ሁሉም እያየ ያልፋል። የልጅ ልጇ ክርስትና አመለጣት።»

«አየር መንገዱስ ምን አለ?»

«‹ስልኳን ከቤቷ ሞልታ መምጣት ነበረባት› አሉኝ!»

«እናትሽስ?»

«እሷማ ‹ልጄ፣ ነካክቼ ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም› እያለች ይቅርታ ትጠይቀኛለች!»

እኔ እነሱን ስሰማ «ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ መውረጃዬን አለፍሁ።